መርዶ ነጋሪው ሳጅን እንየው

ሳጅን እንየው የሞተ ዕለት በጽሕፈት ቤታችን የመርዶ ነጋሪ ያለህ ተባለ።

ከሁለት ቀን በፊት ቢሮ ውስጥ ደም አስመልሶት በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ ነበር። ጉበቱ ካለቀ ቆይቷል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አብሮት የሄደው ወንድሙ ደውሎ ማረፉን ነገረን። ኮማንደሩ ሰበሰበንና «ሬሳው ነገ ረፋድ ላይ ይገባል። ከዚያ በፊት ሲነጋጋ ለሚስቱ ይነገራት። ማን ይሂድ?» አለ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ በመስኮቱ ሥር ወዳለችው ወንበር ዞርን። እንዲህ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር የሚላከው እዚያች ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነበር። የሚቀመጥባት ደግሞ ሳጅን እንየው ነው።

እኔ አስካል እባላለሁ። እዚህ ደብረ ታቦር፣ በአንድ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ፤ ሰው ሲጎድል ቃልም እቀበላለሁ። ኮማንደሩ ዓይኑን ከወንበሩ አንሥቶ እኔ ላይ አሳረፈው። «አስካል፣ ከእሱ ጋር ስትዞሪ የኖርሽ አንቺ ነሽ። አንቺ ውሰጅው» አለኝ። እሺ አልሁ።

በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። ዕድሜውም ማዕረጉም ይገባው ነበር። አሁን ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የእስቴ ልጅ ነው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ጫማው በክረምት ጭቃ እንኳ የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር። ከሌላው ፖሊስ የሚለየው አንደበቱ ነው። የሴቶችን አቤቱታ የሚቀበለው እሱ ነበር። ባሏ የደበደባት ሴት እያለቀሰች ስትገባ አያቋርጣትም፣ አያጣድፋትም፣ ራሱ ተነሥቶ ውሃ ይቀዳላታል። እኔን ገና ከማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ጸሐፊ አድርገው ሰጡት። የመጀመሪያ ቀን የጻፍሁትን ቃል አነበበና ወረቀቱን መለሰልኝ።

«አስካል፣ ይች ሴት ‹አካላዊ ጉዳት አደረሰብኝ› አለችሽ?»

«አይ፣ በርጩማ ወረወረብኝ ነው ያለችው።»

«እንግዲያው በርጩማውን ጻፊው። ዳኛ በርጩማ ያውቃል።»

እስከ ዛሬ ድረስ ቃል በተቀበልሁ ቁጥር በርጩማውን እጽፋለሁ። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አልክደውም። አንዳንድ ባል ተጠርቶ ሲመጣ «ሚስቴን ብመታ ምን አገባህ» ሊል ይቃጣዋል። ሳጅን እንየው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ያገባኛል። ቁጭ በል» ይለዋል። ይቀመጣል። ይህንንም በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

መርዶ ግን የእሱ ብቻ ሥራ ነበር። ከባልደረቦቻችን አንዱ በግዳጅ ላይ ሲያልፍ፣ ሟቹ የየትኛውም ወረዳ ልጅ ይሁን፣ ለቤተሰቡ የሚነግረው እሱ ነው። ሴቶቹን ትደግፍ ተብሎ እኔ እከተለዋለሁ። በአቅራቢያው ካለች ከተማ አድረን ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን። መጀመሪያ የደብሩን ቄስ ያስነሣል፤ ከዚያ ጎረቤቶቹን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል። ሰው ወደ እርሻ ሳይወጣ፣ እናቲቱ ከብቶቹን ሳትፈታ፣ ሁላችንም አንድ ላይ እንገባለን። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ለእኔ ይሰጠኛል። ያን ኮፍያ ደረቴ ላይ ይዤ ያለቀስሁባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

«ቆማ ከሰማች ትወድቃለች» ይለኝ ነበር በመንገድ ላይ። «አስቀምጫት። ጀርባዋን ከግድግዳ አስጠጊያት። እሳት አጠገብ እንዳትሆን።» ሞተ የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አጠገቧ መሬት ላይ ይቀመጥና ስለ ልጇ ያወራላታል፤ በመጨረሻዋ ቀን ምን እንደ በላ፣ ከማን ጋር ሲቀልድ እንደ ነበረ፣ ካልሲውን አጥቦ የት እንዳሰጣ። ይህን ሁሉ የልጁን ጓደኞች አንድ በአንድ ጠይቆ፣ አጥንቶ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዚያማ እኛ ደረስን፤ እሱ ግን አልጠበቀንም» ይላል። ያን ጊዜ ጩኸቱ ይነሣል።

ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብንሄድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ጦርነቱ ወደ እኛ ከተጠጋ ወዲህ ግን በሳምንት ሁለት ደብር የምንሄድበት ጊዜ መጣ። ጦርነቱ አለፈ ሲባልም መንገዱ ሰላም አላገኘም። ሳጅን እንየው አንድም ቀን «ዛሬስ ሌላ ሰው ይሂድ» አላለም። እኛም አንድም ቀን «ዛሬስ ይቅርብህ» አላልነውም። አንደበተኛ ነው፣ ይችልበታል፣ አለቀ።

ጋይንት በኩል አንዲት እናት ነበሩ። ሁለቱም ልጆቻቸው ፖሊሶች ናቸው። የታላቁን መርዶ እኛ ነገርናቸው። ዓመት ሳይሞላ ታናሹም አለፈ። በዚያ ቀን መኪናችን ተበላሽታብን ዘገየን፤ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ እናትየው ገብስ ሊያጭዱ ማሳ ወርደዋል። ሳጅን እንየውን ከሩቅ ሲያዩት ማጭዳቸውን ጣሉና ሮጡ። አሮጊት ናቸው፤ ነጠላቸው ወድቆ፣ ገለባው እግራቸውን እየወጋቸው ይሮጣሉ። እሱም ተከትሏቸው ሮጠ። «እናቴ! ይቁሙልኝ እናቴ!» እያለ ማሳውን አቋረጠ። ኮፍያውን ለእኔ መስጠት እንኳ ረስቶ በእጁ እንደ ጨበጠው ነበር። አንድ የድንጋይ ካብ ሥር ደረሰባቸው። እሳቸውም እዚያው ቁጭ አሉና ሽቅብ አዩት።

«ተው አንተ ሰው፣ አትናገር» አሉት። «አንተ ካልነገርኸኝ ልጄ አለ።»

እሱ ግን ነገራቸው። ምን ያድርግ።

ስንመለስ መንገድ ዳር አንዲት አረቄ ቤት ሲያይ መኪናውን አስቆመ። ከዚያ በፊት ከዓመት በዓል ጠላ በቀር ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። ቆሞ ሦስት መለኪያ በላይ በላዩ ጨለጠ። «ብርዱ ነው» አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ገበያ ላይ የፖሊስ ሚስቶችና እናቶች እሱን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ሰላም ሊላቸው ከተጠጋ «ምን መጣብኝ?» ብለው ይጮኻሉ። አንዷ የሽንኩርት ዘንቢሏን ጥላ ስትሸሽ አይቻለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርቱን ለቃቀመና ዘንቢሉን ስትመለስ ይስጧት ብሎ አጠገቡ ላሉት ነጋዴ ሰጣቸው። ቀስ በቀስ ገበያ መውጣቱን ተወ፤ ቅዳሴም ቀረ። አረቄ ቤት ግን ማንም ከእሱ አይሸሽም ነበር።

ሚስቱን እትየ ፈንታየ እላታለሁ። የእብናት ልጅ ናት። በቤቷ በር ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሠራተኛ ናት፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እትየ ፈንታየ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የመሸፈን ልማድ አላት። ሲቆይ ነጠላው ዓይኗንም መሸፈን ጀመረ። እኔ አየሁ፤ ጎረቤት አየ፤ ኮማንደሩም አየ። «ሳጅን እኮ ብዙ ነገር አሳልፏል» እንባባል ነበር። እሷ የምታሳልፈውን ማንም አላነሣም።

የነፍስ አባታቸው ሰምተው ከአረቄ ገዘቱት። እውነቱን ለመናገር ግዝቱን አክብሯል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አረቄ በአፉ አልዞረም፤ ቢራ ሆነ፣ ቢራ ሲታጣ ጠጅ። ጠርሙሱን አንሥቶ «እኔ ግዝት የማፈርስ ሰው አይደለሁም» ይላል። የሚስቁለት ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን እኔም ስቄለታለሁ።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ እትየ ፈንታየ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። አቤቱታ መቀበያው ክፍል አልገባችም፤ እንዴት ትግባ፣ እዚያ የሚቀመጠው ባሏ ነው። በጓሮ ዞራ በግምጃ ቤቱ መስኮት በኩል መጣችብኝ። ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗ ተደፍኗል።

«አስካልየ፣ ክሰሱልኝ አላልሁም» አለች። «እሰሩልኝም አላልሁም። ሽጉጡን ብቻ ተቀበሉልኝ። ዱላውንስ ለምጀዋለሁ፤ ሲብስብኝ ወደ ጎረቤት እሮጥ ነበር። አሁን ግን ሲሰክር ያን ብረት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። እሱን እያየሁ እግሬ ከቤት አልወጣ አለኝ።»

«አይዞሽ እትየ፣ አሁኑኑ እነግራለሁ» አልኋት። ቃል አልተቀበልኋትም፤ አንዲት መስመር አልጻፍሁም። በርጩማውን ጻፊው የተባልሁት ሴት ያን ቀን የት እንደ ሄድሁ አላውቅም።

ለኮማንደሩ ነገርሁት። እሱ፣ የምርመራ ኃላፊውና እኔ በር ዘግተን ተቀመጥን። የምርመራ ኃላፊው መጀመሪያ «ትጥቁን ይፍታ» አለ። ኮማንደሩ ራሱን ነቀነቀ። እኛ ዘንድ ትጥቅ የተፈታ ወንድ ምን እንደሚባል የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ወገቡ ባዶ ሆኖ ከቢሮ ቢወጣ፣ እሱ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው እስቴ ይደርሳል።

«ይሄ ሁሉ ዓመት የስንቱን ሰው ቤት መርዶ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው» አለ ኮማንደሩ። «በዚህ ዕድሜው አናዋርደውም። ደግሞስ አፍሮ ራሱን ቢያጠፋ?»

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አመጣው ብዬ ልጽፍ ዳድቶኝ ነበር፤ ግን እኔ ነኝ። «ሽጉጡ ወገቡ ላይ ይቆይ፤ ጥይቱን ብቻ እንቀበለው» አልሁ። ሁለቱም እፎይ አሉ። የምርመራ ኃላፊው እንዲያውም «አንቺስ ብልህ ነሽ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳጅን እንየው ተጠርቶ ገባ። አልተቆጣም፤ አልካደም። ሽጉጡን አውጥቶ ስምንቱን ጥይት አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ባዶውን መልሶ ወገቡ ላይ ካደረገ በኋላ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለ። «ለፈንታየ አትንገሯት። እናንተ ፊት ተዋርጃለሁ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ አታዋርዱኝ።»

«ይሄማ ምን ጥያቄ አለው» አለ ኮማንደሩ። እኔ ዝም አልሁ።

እትየ ፈንታየ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። «ተነጋግረንበታል፤ ከእንግዲህ አያሰጋሽም» አልኋት። «ተቀበላችሁት?» አለች። «አያሰጋሽም ነው የምልሽ እትየ፣ ሂጅ» አልኋት። አመስግናኝ ሄደች። እሱም ከሥራ ወጥቶ ሽጉጡን እንደ ታጠቀ ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ መስኮቴ አልመጣችም።

እኔ ግን ተኝቼ አደርሁ። ስምንቱ ጥይት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ባዶ ብረት ምን ያደርጋል ብዬ አሰብሁ። እኔ የምፈራው ጥይቱን ነበር። እሷ የምትፈራው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። በመሀሉ ቀኝ እጇ ተሰበረ። «ከመሰላል ወደቅሁ» አለች። ያ ቤት መሰላል እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጅን እንየው ግምጃ ቤት መጥቶ ከእንጨት ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ጠጥቷል፤ ግን አንደበቱ አልተሳሰረም።

«አስካል፣ እኔና አንቺ ስንት ቤት ገባን?»

«አልቆጠርሁም ሳጅን። አንቱስ?»

«ቆጥሬ ነበር፤ ጠፋብኝ። እናቶቹ ተቀላቀሉብኝ። ያንዷን ፊት ሳስብ የሌላዋ ልጅ ካልሲ ይመጣብኛል።» ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። «ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይሸሻል፤ አይተሻል አይደል? ፈንታየ ግን ቁጭ ብላ ታየኛለች። እሷ ስታየኝ ያች የጋይንቷ እናት ካቡ ሥር ሆነው የሚያዩኝ ይመስለኛል።»

«ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?» አልሁት።

«ምንም» አለ።

ተነሥቶ ሄደ። በሩን ዘግቼ አለቀስሁለት። ለእትየ ፈንታየ እስከዚያ ቀን አንዲት ዘለላ እንባ አፍስሼ አላውቅም፤ ያለኝን ሁሉ ለእሱ ጨርሼው ነበር። ያሳዝን ነበር፤ አዎ፣ በጣም ያሳዝን ነበር። ሲያሳዝነን ጊዜ እጁ ምን እንደሚሠራ ማየት ተውን።

በዚያው ሰሞን የእትየ ፈንታየ እናት እብናት ላይ አረፉ። እኛ የእድር ሴቶች ሚኒባስ ይዘን ልንሄድ በቤቷ በኩል አለፍን። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ፤ ደጋግሞ ነፋ። አልወጣችም። «በሌላ መኪና ቀድማ ሄዳ ይሆናል» ተባባልንና ጉዟችንን ቀጠልን። እብናት ስንደርስ የለችም። ሬሳው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሶ «ልጃቸው ትድረስ» ተብሎ ተጠበቀ፤ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ አልመጣችም። «ታማ ነው» ብዬ ለወንድሟ የነገርሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይነግረኝ፣ ከራሴ። ወንድሟ አየኝና «እናት ከመቅበር የሚያስቀር በሽታ ምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመዶቿ አንቅረው ተፏት።

እንግዲህ የሳጅን እንየውን መርዶ ይዤ የሄድሁት ወደዚች ሴት ነው።

እንደ ተማርሁት አደረግሁ። ሲነጋጋ ቄሱንና ሦስት ጎረቤቶችን አስነሥቼ ገባሁ። ኮፍያዬን ደጃፉ ላይ አወለቅሁ። አስቀመጥኋት፤ ጀርባዋን ከግድግዳው አስጠጋሁ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ ስለ መጨረሻዋ የሥራ ቀኑ አወራኋት፤ ጠዋት ጫማውን ጠርጎ እንደ ገባ፣ ቁርስ አልበላ ብሎ ሻይ ብቻ እንደ ጠጣ። በመጨረሻ «እኛስ ደረስንለት እትየ፤ እሱ ግን አልጠበቀንም» አልኋት። የገዛ ቃሉን ለእሱ አዋልሁለት።

አልጮኸችም። ትኩር ብላ አየችኝ።

«ሽጉጡስ?» አለች። «ሽጉጡ የት ነው ያለ?»

«ከእኔ ጋር ነው። አምቡላንስ ላይ ሲጭኑት ከወገቡ ፈትቼ ቆልፌበታለሁ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለዓመታት ወደ ላይ ተሰቅሎ የኖረው ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ጎረቤቶቹ ለባሏ ያለቀሰች መስሏቸው ደረታቸውን መቱ።

ቀብሩ አማረ። ኮማንደሩ «ክብሩን ጠብቆ ያለፈ ባልደረባችን» ብሎ ተናገረ። ክብሩን የጠበቅንለት እኛ ነን። በማን ላይ እንደ ጠበቅንለት ገና አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በሠልስቱ ነው። ሰው ሳሳ ሲል አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስለ ምን ከሁሉ በፊት ሽጉጡን እንደ ጠየቀችኝ ጠየቅኋት። አገጯን ወደ በሩ ደፍ አቀናች።

«እናቴ የሞተች ዕለት ነጠላየን ዘቅዝቄ ልወጣ ስል ጠጥቶ ገባ» አለች። «‹የትም አትሄጅም› አለኝ። ‹እናቴን ልቀብር ነው፣ እድርተኛው ሊወስደኝ እየመጣ ነው› አልሁት። ሽጉጡን ከወገቡ አወጣና እዚያች ላይ፣ ደፏ ላይ አስቀመጠው። ‹ይችን ተሻግረሽ ሂጅ› አለኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛ። ተኛ ስልሽ፣ አንኮራፋ! እኔ እዚህ ቆሜያለሁ፣ እሱ ያንኮራፋል፣ ብረቱ ደፉ ላይ ነው። አንዲት እርምጃ ናት። ሚኒባሱ መጥቶ ክላክስ ነፋ። አንድ ጊዜ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። እግሬን አነሣሁ፤ መለስሁት። ሄዱ።»

ሰው ለምን አልጠራሽም አላልኋትም። ጠርታኝ ነበር። በመስኮቴ መጥታ ጠርታኝ ነበር።

«ለነፍስ አባቴ ተናገርሁ» አለች ነጠላዋን እየሳበች። «‹ብረት ፈርቼ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ› አልኋቸው። እስከ ሙት ዓመቷ በየቀኑ አርባ ስግደት ሰጡኝ። እጄ ስለተሰበረ በክርኔ እየተደገፍሁ እሰግዳለሁ። ቀኖናውስ ይሁን። የእናቴ ልጅ እንዲህ ፈሪ መሆኗ ነው የሚቆጨኝ።»

በማግሥቱ ግምጃ ቤቱን ከፍቼ ሽጉጡን አወጣሁ። እኛ አገር ጥይት ማግኘት አያስቸግርም፤ ምናልባት ከገበያ ገዝቶ አጉርሶት እንደሆነ አልሁ። ቁጭ ብዬ፣ ሽጉጡን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጥይት እንዳገኝበት ለመንሁ። አንዲት ጥይት ትበቃኝ ነበር። አንዲት ብትገኝበት እትየ ፈንታየ እውነተኛ ሞት ፈርታ ነው የቀረችው፤ እኔም ያደረግሁት ከንቱ ብልሃት ነው እንጂ ከዚያ የከፋ አይደለም። ከፈትሁት። ባዶ ነው። ውስጡ የጨርቅ ብናኝና ዝገት ይዟል። ዓመት ከመንፈቅ ማንም አልከፈተውም።

የሳጅን የዐሥራ ሁለተኛ ቀን መታሰቢያ እስኪያልፍ ዝም አልሁ። ከዚያ ሄድሁ። እትየ ፈንታየ በሯ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። የተማርሁት አነጋገር ሁሉ ጠፋብኝና በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት።

«እትየ፣ ሽጉጡ ባዶ ነበር። በመስኮቴ የመጣሽ ዕለት ጥይቱን ተቀብለነዋል። እንዳይዋረድ ብለን ላንቺ አልነገርንሽም።»

እጇ በርበሬው ላይ ቆመ።

«እናቴ ስትሞት?»

«ያኔም ባዶ ነበር።»

«ጥይቱን ማን ያዘው?»

«እኔ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«በገዛ እጁ ነው ያስረከበኝ።»

መንገዱን አየችው፤ ሚኒባሱ ያኔ የቆመበትን ቦታ።

«ያን ቀን አንቺስ ሚኒባሱ ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርሁ እትየ።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ከማርያም ሥዕል ሥር የምታነጥፋትን ሰሌን ጠቅልላ ይዛለች፤ ጉልበትና ክርን ያረፈበት ቦታ ተበልቷል። ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ሙት ዓመቷ ገና ነው» አለች። «የቀረውን አንቺ ስገጅ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ በርበሬዋን መቀንጠስ ቀጠለች።

ሰሌኗ አሁን ግምጃ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ሳልከፍት በሩን ከውስጥ ዘግቼ እሰግዳለሁ። ሠላሳ ሲሞላ ጉልበቴ ይከዳኛል። ያን ጊዜ የሚታየኝ እሱ ነው፤ ጫማው እያብለጨለጨ፣ ስምንቱን ጥይት መዳፌ ላይ አንድ በአንድ ሲያስቀምጥ። አዝንለታለሁ ወይስ እረግመዋለሁ፣ እስካሁን አለየልኝም። ኮማንደሩ አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አይቶኝ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ወደ ቢሮው ሄደ።

የእትየ ፈንታየ እናት ሙት ዓመት ካለፈ ሁለት ወር ሆነው። እትየ ፈንታየ ሰሌኗን እንድመልስላት እስካሁን አልጠየቀችኝም።